ቅጠልና ፊደል በአንድ ሰሌዳ፦ ስለ ረቂቅ ኅትመት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅጠል፣ ቅርፊት ወይም ላባ ከፊደል ጋር ተዋህዶ የታተመበትን ረቂቅ ሥራ ያየ ሰው መጀመሪያ «ይሄ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ልሞክረው ያለ ደግሞ «ከምን ልጀምር?» ይላል። ሁለቱንም ዓይነት ጥያቄ እዚህ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። በቅደም ተከተል ማንበብ የለባችሁም፤ የቸገራችሁ ጥያቄ ላይ ዘልላችሁ ሂዱ።

«ረቂቅ ኅትመት» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ኅትመት ጋዜጣና መጽሐፍ ማባዛት አይደለም። ሠዓሊው ራሱ ሰሌዳ ያዘጋጃል። ሰሌዳው ሊኖ (በቢላ በቀላሉ የሚቀረጽ፣ የወለል ንጣፍ የሚሠራበት ለስላሳ ነገር)፣ እንጨት፣ መዳብ፣ ካርቶን ወይም ተራ መስታወት ሊሆን ይችላል። ቀለም ይቀባዋል፣ ወረቀት ያለብሰዋል፣ ይጫነዋል። ወረቀቱን ሲያነሳ የሚያገኘው ነው ሥራው። ረቂቅ የተባለው ነገሩን እንዳለ ማሳየት ግቡ ስላልሆነ ነው። ቅጠሉ ቅጠል መሆኑ ሊታወቅ ይችላል። የተፈለገው ግን መስመሩ፣ ክብደቱና በመሃል ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ቅጠልንና ፊደልን ምን አገናኛቸው?

ሁለቱም ከመስመር የተሠሩ ናቸው። ቅጠል መሃል ለመሃል የሚያልፍ ዋና ጅማት አለው፤ ከእሱ ወደ ጎን ቀጫጭን ጅማቶች ይወጣሉ። ፊደልም ግንድ አለው፤ ከግንዱ እግር፣ ክንድ፣ ቀለበት ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ላይ ይሄ ጎልቶ ይታያል። መሠረቱ አንድ ሆኖ ትንሽ ጭረት ስትቀጠልበት ሌላ ድምፅ ይሆናል።

መመሳሰላቸው ብቻ ግን ሥራ አይሆንም። ብዙ ጊዜ የማየው ከላይ ቆንጆ ቅጠል፣ ከሥሩ ደግሞ «ተፈጥሮ» የሚል ጽሑፍ ነው። እሱ ፖስተር ነው። ፖስተር መጥፎ ነው አላልኩም፤ ግን እዚያ ላይ ፊደሉ የቅጠሉ አስተርጓሚ ሆኖ ነው የቆመው። እኔ የምወደው ሁለቱ አንድ ዓይነት ዕጣ ሲደርሳቸው ነው። ግፊቱ ሳስቶ የቅጠሉ ጅማት ሲደበዝዝ የፊደሉም እግር አብሮ ይደብዝዝ። ቀለሙ በዝቶ የቅጠሉ ጠርዝ ሲወፍር ፊደሉም ይወፍር። ያኔ ዓይን አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደጀመረ ለመለየት ትንሽ ይቆያል። ያቺ ቆይታ ናት የምትፈለገው። ከዚህ በታች የምሰጣችሁ ምክር ሁሉ ወደዚያ ለመድረስ ነው።

ታዲያ መነበብ አለበት ወይስ የለበትም?

ሁለቱም ይሆናል። ግን ሰሌዳውን ከመንካታችሁ በፊት ወስኑ። ግማሹ ብቻ የሚነበብ ነገር ተመልካቹን እንቆቅልሽ ውስጥ ይከተዋል። ቃሉን ካገኘው «አሃ!» ብሎ ያልፋል፤ ካጣው ደግሞ ተናዶ ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ሥዕሉን አላየውም።

እንዲነበብ ከፈለጋችሁ አጭር ቃል ውሰዱና ሳትደብቁ አትሙት። እንዳይነበብ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቃል የሚመስል ነገር አትሥሩ። ፊደላቱ የተለያየ መጠን ይኑራቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይውጣ፤ አንዱ ከወረቀቱ ጠርዝ አልፎ ይቆረጥ። ጭንቅላቱ የተቆረጠ ትልቅ «መ» ፊደል መሆኑን ሳይረሳ ቅርጽ ይሆናል።

መፈተኛ ልስጣችሁ። ኅትመቱን ግድግዳ ላይ ቁልቁል ገልብጣችሁ ስቀሉትና ከራቅ ብላችሁ እዩት። ተዘቅዝቆም ከቆመላችሁ ፊደሎቹ በቅርጽነታቸው እየሠሩ ነው። ካልቆመ ሥራውን ተሸክሞት የነበረው ቃሉ ብቻ ነው።

ፊደሌ ለምን ተገልብጦ ወጣ?

ሰሌዳና ወረቀት ፊት ለፊት ስለሚገናኙ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። ቅጠል ላይ ማንም ልብ አይለውም። ፊደል ላይ ግን ወዲያው ያጋልጣል።

በግዕዝ ፊደል ጣጣው ትንሽ ይብሳል። ሰ፣ በ፣ ሠ፣ ዐ፣ ወ ግራና ቀኛቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ብዙም አያስቸግሩም። «ሳ»ን ውሰዱ። ረጅሙ እግሩ በቀኝ ነው። እንዳለ ቀርጻችሁ ስታትሙት ረጅሙ እግር ወደ ግራ ይዞርና ሌላ ፊደል ይሆናል፤ «ሶ» ሆኖ ቁጭ ይላል። «ባ»ም እንዲሁ «ቦ» ይሆናል። ይሄ አደገኛው ነው፤ ምክንያቱም የወጣው ፊደል ትክክለኛ ስለሚመስል ስህተቱ አይታያችሁም። «ቡ» ደግሞ ጭረቷ ወደ ግራ ስትሄድ በገበታው ላይ የሌለ ነገር ይፈጠራል። ቢያንስ እሱ ራሱን ያሳብቃል። የፊደሎቹም ቅደም ተከተል እንደሚገለበጥ አትርሱ።

መላው ቀላል ነው። ቃሉን በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉት። ወረቀቱን በፊቱ ሰሌዳው ላይ ደፍታችሁ ጀርባውን በጥፍር ወይም በማንኪያ እሹት። እርሳሱ ተገልብጦ ሰሌዳው ላይ ይቀራል። ያንን እንዳለ ተከትላችሁ ቅረጹ፤ «ይሄ እኮ የተሳሳተ ነው» ብላችሁ መሃል ላይ አታርሙት። ከመቅረጻችሁ በፊት ሰሌዳውን ፊት ማያ መስታወት ፊት ይዛችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት።

በነገራችን ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ለዚያ መጽሐፍ የብረት ፊደል ያዘጋጀ ሰውም እያንዳንዷን ፊደል ገልብጦ መቅረጽ ነበረበት።

ሁሉም ዘዴ ግን አይገለብጥም። ስክሪን ኅትመትና ስቴንስል ቀለሙን በቀዳዳ ስለሚያሳልፉት ፊደሉ እንዳለ ይወጣል። ኦፍሴትም (ጋዜጣና መጽሐፍ በብዛት የሚታተምበት ዘዴ) ምስሉን መጀመሪያ ወደ ጎማ፣ ከዚያ ወደ ወረቀት ስለሚወስደው ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ይቃናል። ሊኖ፣ እንጨት፣ ኢቺንግ (መስመሩ በብረት ሰሌዳ ላይ በአሲድ የሚቦረቦርበት) እና ሞኖታይፕ (ቀለም ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ ሳይቀረጽ የሚታተምበት) ይገለብጣሉ።

ፕሬስ (ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ የሚጫን ማሽን) የለኝም፤ ልጀምር እችላለሁ?

አዎ። ለሊኖና ለእንጨት ቅርጽ የእንጨት ማንኪያ ጀርባ ይበቃል። ወረቀቱ ስስ ግን ጠንካራ ይሁን፤ ወፍራም የጥጥ ወረቀት በእጅ ሲሠራ ክንድ ይጨርሳል። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ፣ ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ እሹ። አንዱን ጥግ ገለጥ አድርጋችሁ እያያችሁ ቀጥሉ።

ኢቺንግ ግን ያለ ፕሬስ አይሞከርም። እዚያ ቀለሙ ያለው ከላይ ሳይሆን በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ነው። እርጥቡ ወረቀት እዚያ ድረስ ገብቶ እንዲያወጣው የሲሊንደር ኃይል ይጠይቃል።

ለመጀመሪያ የምመክረው ሞኖታይፕ ነው። መቅረጽ የለበትም፣ ቢላ አይጠይቅም፣ ውጤቱ በደቂቃ ውስጥ እጃችሁ ይገባል። ከእያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ጥሩ ቅጂ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሁለተኛው ደብዛዛ ነው። ለቅጠል ሥራ ግን ደብዛዛው ነው ምርጡ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

ቅጠልን የማትመው እንዴት ነው?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቅጠሉን ራሱን ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ መጫን ነው። ጀርባው ላይ ጅማቶቹ ወጣ ወጣ ስለሚሉ የሚቀባው ጀርባው ነው። ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ልጆችም ይሠሩታል። ለረቂቅ ሥራ ግን ቶሎ ያልቅባችኋል፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚወጣው ቅጠል ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ይሰጣል። መስታወት ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ቀለም በሮለር በስሱ ዘርጉ። ጆሯችሁን ስጡት። ልክ ሲሆን ሮለሩ ስስ የሆነ «ሽሽሽ» ድምፅ አለው። ጭቃ እንደረገጠ ሰው ጫማ ቸፍ ቸፍ ካለ በዝቷል፤ ከፊሉን አንሱለት። ቅጠሉን በጅማቱ በኩል ቀለሙ ላይ ድፉትና ወረቀት አልብሳችሁ እሹ። መጀመሪያ የምታገኙት ኅትመት ዙሪያው ጥቁር፣ መሃሉ ቅጠል የሚያህል ነጭ ነው። አትቁሙ። ቅጠሉን በወረንጦ ቀስ ብላችሁ ከመስታወቱ ላይ አንሱት። እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ወረቀቱ ያልደረሰበት ቀለም አለ፤ ጅማቶቹ ደግሞ ተጭነው ቀለሙን በየመስመሩ ወስደውታል። አሁን ንጹሕ ወረቀት አልብሳችሁ በደንብ እሹ። ዙሪያው ይደበዝዛል። ቅጠሉ ግን የፀጉር ያህል ቀጭን ጅማቱ ሳይቀር ይወጣል።

ፊደሉን የምታስገቡት እዚህ ላይ ነው። ከወረቀት የተቆረጠ ፊደል ከቅጠሉ ጎን ብታስቀምጡ ይሠራል፤ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ሸካራው ቅጠል አጠገብ ባዕድ ይሆናል። ይልቅ ሰፊ ቅጠል ፈልጉና ፊደሉን ከራሱ ከቅጠሉ በስለታም ቢላ ቁረጡት። ዋናው ጅማት በፊደሉ ግንድ ላይ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። በሁለተኛው ኅትመት ላይ ጅማት ያለው «ለ» ይወጣላችኋል። ከርቀት ፊደል ነው፤ ሲጠጉት ቅጠል ይሆናል።

የትኛው ቅጠል ይሻላል?

ጀርባው ላይ ጅማቱ ለጣት የሚሰማ፣ ስስና ሰፋ ያለ። ውሃ የቋጠረ ወፍራም ቅጠል ሲጫኑት ይፈነዳና ወረቀቱን ያበላሻል። የተቀነጠሰበት ዕለት የራሱ እርጥበት ስላለው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር ይመረጣል። በጣም ከደረቀ ደግሞ እጃችሁ ላይ ይፈረካከሳል። ወፍራም አንገት ካለው በቢላ ላጥ አድርጉት፤ አለበለዚያ ዙሪያው ያለው ወረቀት ቀለሙን ሳይነካ ያልፋል።

ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው?

ኧረ! ላባ፣ ሣር፣ የደረቀ የዘር ሽፋን፣ ቅርፊት፣ ሁሉም ይታተማል። እኔ በጣም የማደላው ለእንጨት ነው። ለስላሳ ጣውላ ወስዳችሁ በሽቦ ብሩሽ በጭረቱ አቅጣጫ አጥብቃችሁ ፈትጉት። ለስላሳው ክፍል ይነሳል፤ ጠንካራው የዕድገት መስመር ቆሞ ይቀራል። ያ ጣውላ ቀለም ሲቀባ ውሃ የሚመስል ሞገድ ያወጣል። ፊደሉን እዚያው ላይ ብትቀርጹት ሞገዱ በፊደሉ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ጭረቱንና ፊደሉን ለማዋሃድ ምንም ጥበብ አይጠይቃችሁም፤ ከአንድ እንጨት ነው የመጡት።

የብረት ወይም የእንጨት ማተሚያ ፊደል ካገኘሁስ?

እድለኛ ናችሁ። ከሊኖ ጋር አንድ ላይ የምታትሙት ከሆነ ቁመታቸውን አስተካክሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ደረጃ የተሠራ ማተሚያ ፊደል ቁመቱ 23.3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሊኖው ሥር ጣውላና ካርቶን ደርባችሁ እዚያ አድርሱት። ጥቂት ከፍ ያለው ወረቀቱን ይበሳል፣ ጥቂት ዝቅ ያለው አይታተምም።

ከእኛ በፊት እነማን ሞክረውታል?

ብዙ ሰው። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ማስታወሻዎች ውስጥ በቀጥታ ከቅጠሉ የታተመ የሳልቪያ ቅጠል አለ። አጠገቡ አሠራሩን የሚገልጸው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ በሚሄደው በታወቀው የተገለበጠ የእጅ ጽሑፉ ነው የተጻፈው። ቅጠልና ግልብጥ ፊደል አንድ ገጽ ላይ ማለት ነው፤ እሱ እንደ ሥዕል ባያስበውም።

ከሁሉም የሚያስቀኝ የቤንጃሚን ፍራንክሊን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ መጨረሻ የወረቀት ገንዘብ ሲያትም ከጽሑፉ ጋር የቅጠል ምስል ያስገባ ጀመር። ከእውነተኛ ቅጠል ቅርጽ ወስዶ፣ በቅርጹ ላይ የቀለጠ ብረት አፍስሶ ነበር ሰሌዳውን የሚያዘጋጀው። ጅማቶቹ ቀስ በቀስ እየቀጠኑ ስለሚሄዱ በእጅ ቀርጾ ማስመሰል ከባድ ነው። ቅጠሉ የገባው ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪዎችን ለማስቸገር ነው። ፊደሉን ማንም ይቀርጸዋል፤ ቅጠሉን ግን አይችልም።

በ19ኛው መቶ ዘመን አሎይስ አወር ቪየና ውስጥ ተክልን በለስላሳ እርሳስ ብረት ላይ በኃይል ተጭኖ አሻራውን የማስቀረት ዘዴ አወጣ። ሄንሪ ብራድበሪም በዚሁ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1855 ለንደን ውስጥ የፈርን ተክሎችን አትሟል። እነዚህ ለሳይንስ ነበሩ፤ ሥዕል እንሠራለን አላሉም።

በፊደል በኩል ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ቬርክማን አለ። ግሮኒንገን ከተማ የሚኖር አታሚ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የማተሚያ ፊደሎቹን ለማንበቢያ ሳይሆን ለቅርጻቸው ተጠቀመባቸው። ደራረባቸው፣ ሮለሩን በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አንከባለለው። በሚያዝያ 1945 ከተማዋ ነፃ ልትወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ጀርመኖች ረሸኑት።

ሁለቱን ያገናኙት ሱዳናዊው ኢብራሂም ኤል ሳላሂ ናቸው። የዐረብኛ ፊደሎችን እየሰባበሩ ሲያዩ ከውስጣቸው የእንስሳ፣ የሰውና የተክል ቅርጽ መውጣቱን ተናግረዋል። በኋላ ደግሞ ለብዙ ዓመታት «ሀራዝ» የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ሣሉ። ክረምት ላይ ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ግትር ዛፍ ነው። የአማርኛ ፊደልን በመዘርጋት፣ በመቁረጥና በማጣመም የሚታወቁት ኢትዮጵያዊው ወሰኔ ኮስሮፍም አሉ። ሁለቱም በዋናነት የሚታወቁት በሥዕል ነው። ግን ፊደልን እስከ የት ድረስ መግፋት እንደሚቻል ከእነሱ የተሻለ አሳይ አላውቅም።

ስንት ቀለም ልጠቀም?

አንድ። እሱ ሲገባችሁ ሁለት። ቅጠል አረንጓዴ፣ ፊደል ጥቁር ካደረጋችሁት ደክማችሁ ያዋሃዳችሁትን መልሳችሁ ለያያችሁት።

ኅትመቴ ነጠብጣብና ቀዳዳ የበዛበት ለምንድን ነው?

ቀለሙ አንሷል ወይም እሽታው አልተስተካከለም። ፊደሉ ጠርዙ ላይ ወፍሮ መሃሉ ከሳሳ ቀለሙ በዝቷል። የ«ወ» ክብ ውስጡ ከተደፈነም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወረቀቶች ሰሌዳው ቀለም እስኪጠጣ መክሳታቸው ያለ ነው፤ እነሱን አይታችሁ አትፍረዱ። ሊኖው ከጠነከረባችሁ ፀሐይ ላይ ትንሽ አሙቁት፣ ይለሰልሳል። ስትቀርጹ ደግሞ የማይቀርጸው እጃችሁ ሁልጊዜ ከቢላው ኋላ ይሁን። ይሄንን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ግን ቢያንስ አንድ ጠባሳ አለው።

ከሥሩ 3/20 ተብሎ የሚጻፈው ምንድን ነው?

ከአንድ ሰሌዳ ከወጡ 20 ቅጂዎች ሦስተኛው ማለት ነው። በእርሳስ ይጻፋል፤ ፊርማውም እዚያው መስመር ላይ ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የተሻለ ኅትመት ነው ማለት አይደለም። ሞኖታይፕ አንድ ብቻ ስለሆነ 1/1 ይባላል። 20 ብላችሁ ከጻፋችሁ 21ኛ አታትሙ። ገዢ የሚያምነው ያንን ቁጥር ነው።

በኮምፒውተር ብሠራውስ?

ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ አቀናብሮ፣ አትሞ፣ ወደ ሰሌዳ ማስተላለፍ ጥሩ ነው፤ መገልበጡንም በአንድ ቁልፍ ይጨርስላችኋል። ነገር ግን የቅጠል ፎቶ ላይ ፊደል ደርቦ በፕሪንተር ማውጣት ሌላ ሙያ ነው። ግፊቱ የለም፣ ወረቀቱ አልተነካም። ደግሞም ከኮምፒውተር የመጣ ፊደል ጠርዙ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ቅጠል አጠገብ ሲሆን ያስታውቅበታል። በእጃችሁ እንደገና ጻፉት።

የሌላ ሰው ግጥም ብጠቀምስ?

ደራሲው በሕይወት ካለ ወይም መብቱ ካላለፈ አስፈቅዱ። የማይነበብ አድርጋችሁ የምታትሙት ከሆነ ደግሞ የእሱ ግጥም ለምን አስፈለጋችሁ?

ስጨርስ ምን ላድርግ?

በዘይት የተሠራ ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ወረቀቶቹን አታነባብሩ፣ በገመድ ላይ በመቆንጠጫ ስቀሏቸው። ሰሌዳውንና ሮለሩን መጀመሪያ በምግብ ዘይት፣ ቀጥሎ በሳሙና ታጸዳላችሁ። ሮለሩን ጎማው መሬት ነክቶ እንዲቀመጥ አትተዉት፤ ጠፍጣፋ ይወጣበታል።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ያዙልኝ። የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ሲጣል ራሱ በራሱ እየጋለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጨርቆቹን ደጅ ለየብቻ ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ወይም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ።